ሦስተኛውን ምዕራፍ ያነሳሁት እኔ ነኝ

ሦስተኛውን ምዕራፍ ከቦታው ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ በእንግዶች ፊት «የሲስተም ስህተት ነው» ሲባል በጆሮዬ ስለ ሰማሁ ነው። ሲስተሙ ምን በወጣው! ያዘዙትን የሚያደርግ ምስኪን ነው። ያጠፋሁትም እኔ፣ ያቃናሁትም እኔ ነኝ፤ ለሁለቱም አንገቴን አልደፋም።

ዐረብ አገር በሰው ቤት አራት ዓመት ሠርቼ ወደ ሐይቅ ከተማ ስመለስ፣ ሥራ ያገኘሁት ወደዚያው ለሚሄዱ ልጆች መመሪያ የሚያዘጋጅ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። መመሪያው የታተመ መጽሐፍ አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ በስልክ የሚከፈት ነው። ቢሯችን ከአስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በአንዱ መስኮት ወደ ወልድያ የሚያልፈው መኪና ይታያል፤ በሌላው ሐይቁና እስጢፋኖስ ያለበት፣ ዛፍ የሸፈነው ምድር። የምንሠራው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና የኔታ።

የኔታ የምላቸው ለማሾፍ ነው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። ከግሸን ግርጌ ከገበሬ ቤት ተወልደው በልጅነታቸው እስጢፋኖስ ገዳም፣ አብነት ትምህርት ቤት ገብተው ያደጉ ሰው ናቸው። እሳቸው ቃላቱን ያርማሉ፤ እኔ የልጆቹን ኑሮ ስለማውቀው ምን እንደሚጻፍና የትኛው የት እንደሚቀመጥ አዘጋጃለሁ። «የገዛ ተማሪዎቼ ያላሉኝን የኔታ አንቺ አልሽኝ፤ ያውም የሼህ ልጅ!» እያሉ ይስቃሉ። የሼህ ልጅ አይደለሁም፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ለእሳቸው ግን መስጊድ የሄደ ሁሉ የሼህ ልጅ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በስክሪኑ በግራ በኩል ምዕራፎቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ በየምዕራፉ ሥር ደግሞ ንዑስ ክፍሎቹ አሉ። አንዱን ምዕራፍ በማውዝ ይዞ ወደ ላይ መጎተት ነው፤ የለቀቁት ቦታ ይቀመጣል። ቁጥሩን ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክለዋል። በልጆቹ ስልክ ላይ ግን የሚታዩት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው፤ ርእሱ የሚመጣው ቁጥሩ ሲነካ ነው። ሦስተኛውን ወስዶ አንደኛ ያደረገ ሰው፣ አንደኛው ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ሦስተኛ ሆኖ ያገኘዋል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ጉዱ ያለው እዚህች ላይ ነው።

ምዕራፍ አንድ ምስጋና ነበር። እነ እገሌ ሪባን ሲቆርጡ፣ እነ እገሌ ሲያጨበጭቡ፣ ፎቶ በፎቶ። ምዕራፍ ሁለት ሕግ ነበር፤ አንቀጹ ተዘርግቶ ተዘርግቶ ማለቂያ የለውም። ምዕራፍ ሦስት «ስልክሽን ቢቀሙሽ» ይላል። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከራሴ ኑሮ አውጥቼ። ስልኬን የቀሙኝ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ሰባት ወር የእናቴን ድምፅ አልሰማሁም። እንዴት እንደወጣሁ፣ ለማን ምን ብዬ እንደተናገርኩ፣ ቆሻሻ ለመጣል በር ሲከፈትልኝ የጎረቤት ሠራተኛ እንዴት እንዳገኘሁ፣ የትኛውን የእርዳታ ስልክ ቁጥር በቃል መያዝ እንደሚያስፈልግ፣ ሁሉን አንድ በአንድ አስቀምጬዋለሁ። የኔታ ሲያርሙት መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ አውልቀው ጠርገዋል።

በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ሊሄዱ የተዘጋጁትን ልጆች በቀበሌው አዳራሽ አስተምር ነበር። ከሐይቅ ከተማም፣ ከአምባሰል ገጠርም ይመጣሉ። ብዙ ብነግራቸው እንደማይዙት አውቃለሁ፤ እኔም አልያዝኩትም ነበርና። ስለዚህ ልጅ ሆኜ መስጊድ ቂርአት፣ የቁርኣኑን ንባብ፣ እንዳስቀሩኝ፣ በድምፅ አስያዝኳቸው። «ስልክሽን ይቀሙሻል፤ ወረቀትሽን ይቀሙሻል። የማንንም ስልክ አንድ ደቂቃ ካገኘሽ መመሪያውን ክፈቺና የስንተኛውን ምዕራፍ ትነኪያለሽ?» «ሦስት!» «አልሰማሁም!» «ሦስት!» አዳራሹ ይናጋ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ከእነሱ መሀል ነበረች። ከአምባሰል በሚኒባስ እየተመላለሰች ተማረች። ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ጓደኞቿ እንደ ሙሽራ ሂና አደረጉላት፤ አሁን አሁን ለሚሄዱ ልጆች እንዲያ ይደረጋል። እኔ ስደርስ በአበባና በሐረግ ያጌጠውን ቀኝ እጇን አሳየችኝ። ግራ እጇ ላይ ግን አበባ የለም። መዳፏ መሀል ላይ ሦስት ነጥብ ብቻ፣ ወፈር ወፈር ያሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ምዕራፌ ነዋ!» አለችና እጇን ጨበጠችው። «ይኼን እስቲ ይቀሙኝ!»

ሁላችን ሳቅን። አክስቴም ሳቀች፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም ነበር።

ልጅቷ ሄደች። በየጁምዓው ለእናቷ እየደወለች «ደኅና ነኝ፣ ቤቱ ትልቅ ነው፣ ልጆቹ ይረብሻሉ» ትል ነበር። እኔም ተረጋጋሁ። ሰው ሲረጋጋ ነው የሚያጠፋው።

አንድ ቀን መናኸሪያ ዘመድ ልሸኝ ሄጄ ሻንጣ ይዘው የቆሙ፣ እኔ ያላስተማርኳቸው ሁለት ልጆች አየሁ። አንደኛዋ የእኛን መመሪያ ለመክፈት ትታገላለች። ደስ አለኝና ጠጋ አልኩ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ነው፤ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች። በመጨረሻ አንድን ነክታ የምዕራፉ ፎቶ ግማሹ መጣ፤ ሪባን ቆራጩ ሰውዬ ከአንገቱ በላይ ብቻ። ልጅቷ አየችውና «ምንድን ነው ይኼ፣ ምርጫ ነው እንዴ?» ብላ ዘጋችው። አውቶቡሱ መጣ፣ ገቡ፣ ሄዱ።

ደሜ ፈላ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ልጅቷን የሚያድናት ነገር ስልኳ ውስጥ አለ፤ በሩ ላይ ግን ሪባን ቆራጭ ቆሞ አላስገባ አለ። ሻሼን እንኳን ሳላስተካክል ደረጃውን ወጥቼ ቢሮ ገባሁ።

«የኔታ፣ ሦስትን አንድ ላደርጋት ነው» አልኩ።

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። «ቁጥር አትንኪ፣ እቴ።»

«ለምን?»

«እኛ ገዳም ስንማር መጽሐፍ ለሁሉ አይደርስም፤ ጸሎቱን በቁጥር ነበር የምንይዘው። አሥራ ሰባተኛውን በል ሲሉን ዓይናችንን ጨፍነን እንወርደው ነበር። አንዱ ተነሥቶ አሥራ ሰባተኛውን አሥራ አምስተኛ ቢያደርገው፣ መጽሐፉ ምንም አይሆንም። የሚጠፋው ልጁ ነው።»

«ይኼ ጸሎት አይደለም የኔታ፤ ዌብሳይት ነው።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ምዕራፉን ይዤ ጎተትኩት። መጀመሪያ እጄ ስቶ ምዕራፍ አንድ ውስጥ ወደቀና የምስጋናው ንዑስ ክፍል ሆኖ ቁጭ አለ፤ ከሪባኑ ሥር «ስልክሽን ቢቀሙሽ»! እየተሳደብኩ አወጣሁትና ከሁሉ በላይ አስቀመጥኩት። ምስጋናው ሁለተኛ፣ ሕጉ ሦስተኛ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳራሽ ውስጥ «ስንተኛውን?» ስል አዲሶቹ ልጆች «አንድ!» ይሉ ጀመር። ኮራሁ። ለሚሄዱት ስል የሄዱትን ረሳኋቸው፤ እውነቱ ይኼ ነው።

ኃላፊያችን ያለችው ደሴ ነው። በዕድሜ ከእኔ በአንድ ሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ በመዓርግ ግን ሰማይ ናት። በማግሥቱ ደወለች።

«ምስጋናውን ማነው ሁለተኛ ያደረገው?»

«እኔ።»

«አንቺ ወሎዬ አይደለሽም እንዴ? በእኛ አገር ነገር በምርቃት ይጀመራል። የረዱንን ሰዎች ወደ ኋላ መግፋት ነውር ነው።»

«ምርቃት የሚቀድመው ቁጭ ብሎ ለሚያወጋ ሰው ነው» አልኳት። «ቤቱ ለሚቃጠልበት ሰው ውኃ ነው የሚቀድመው።»

እሷ ግን የግሸን በዓል እንዳለፈ ፎቷቸው ምስጋናው ላይ ያለ ሰዎች ቢሮውን ሊጎበኙ እንደሚመጡ፣ ሲከፍቱት መጀመሪያ ራሳቸውን ማየት እንዳለባቸው ነገረችኝ። «እስከዚያ መልሺው» አለች።

«አልመልስም» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ደስ ብሎኛል።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በገበያ ቀን አክስቴ ቢሮ ድረስ መጣች። ይዛ የመጣችውን ዘንቢል ሳታስቀምጥ «ልጄ ሁለት ጁምዓ አልደወለችም» አለችኝ።

ስልኳን እንደቀሟት ጠረጠርኩ። አፌ ግን «ኔትወርክ ነው አክስቴ፣ አብሽሪ፣ በሚቀጥለው ትደውላለች» አለ። የኔታ ከወረቀታቸው ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ። አክስቴ መርቃኝ ሄደች። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ «ይህ ገጽ ረድቶሻል?» የሚል ጥያቄ አለ። «አዎ» ወይም «አልረዳኝም» ብሎ መንካት፣ ከፈለጉም ትንሿ ሳጥን ውስጥ መጻፍ ይቻላል። የተጻፈውን ሰኞ ሰኞ ጠዋት አነብበዋለሁ። አብዛኛው «ጥሩ ነው»፣ «እናመሰግናለን» ነው። በዚያ ሰኞ አዲሱ ምዕራፍ ሦስት፣ ማለትም ሕጉ ሥር፣ አንድ «አልረዳኝም» አገኘሁ። ቅዳሜ የተጻፈ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ሦስት ይሄ አልነበረም። የት ወሰዳችሁት? ስልኬን ቀምተውኛል። በልጆቹ ታብሌት ነኝ። እጄ ላይ ደብዝዟል ግን ገና አለ።»

ስም የለውም፣ ምንም የለውም፤ እጇን ግን አውቀዋለሁ። ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝ። ሳጥኗ ያለችው ከገጹ መጨረሻ ነው። እዚያ የደረሰችው ያንን ሁሉ አንቀጽ በጣቷ እየገፋች፣ የእኔን ምዕራፍ እየፈለገች ነው። የሰረቀቻትን ደቂቃ በሕግ ላይ አስጨረስኳት። ሌላ ምዕራፍ ሳትሞክር ልጆቹ ታብሌታቸውን ወስደውባት መሆን አለበት።

«ያ ረቢ፣ ምን አደረግኩ!» ብዬ ጮኽኩ። የኔታ ተነሥተው ከኋላዬ ቆመው አነበቡት።

ተረቱን ጠበቅኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። መብታቸው ነበር፤ ቢሉኝ አልቀየምም ነበር። አላሉም። ወንበራቸውን ጎትተው ከጎኔ ተቀመጡ።

«መልስ መጻፍ ይቻላል?»

«አይቻልም፤ ሳጥኑ ወደ እኛ ብቻ ነው የሚያመጣው። የላካት ደላላ ስልኩን አያነሣም። ቤቱ የት እንደሆነ አናውቅም።»

«ተመልሳ ትከፍተዋለች?»

«ታብሌቱን ካገኘች።»

«ስንተኛውን ትነካለች?»

በልቤ አሰላሁ። ሦስትን ትነካለች፤ እጇ ላይ አለና። ግን ሦስት አንዴ ከድቷታል፤ ምናልባት አንድን ትሞክራለች፤ ምናልባት ሁለትን። ወደ ሦስት ብመልሰው አንድን ብትነካስ? አንድ ላይ ብተወው ሦስትን ብትነካስ? ደቂቃዋ ስንት እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። አለቀስኩ፤ እውነቱን ነው የምናገረው፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ «የነካችው ሁሉ እሱ ይሁን» አልኩ።

«እንዴት?»

«አንድም እሱ፣ ሁለትም እሱ፣ ሦስትም እሱ። በየትም ትግባ፣ እዚያ ይጠብቃት።»

የኔታ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በእስጢፋኖስ፣ ይኼን ያህል ዘመን አርሜ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ጻፍ ያለኝ የለም» አሉ። «ነይ፣ እንጀምር።»

መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባለችው ባትሪ፣ በስልኬ ኢንተርኔት ሠራን። ሰሞኑ የግሸን ጉዞ ነበርና ከታች አስፋልቱ ላይ አውቶቡሱ በአውቶቡስ ላይ ነው፤ ተጓዡ ሁሉ ስልኩን ይዞ ኔትወርኩን አጨናንቆታል። የኔታ በየዓመቱ ግሸን ይወጣሉ፤ እኔ ሳውቃቸው አንድም ዓመት ቀርተው አያውቁም። «ይሂዱ የኔታ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ብላቸው «ግሸን ለከርሞም አለች» አሉና ጽሑፉን ማሳጠር ቀጠሉ። በደከመ ኔትወርክ ቶሎ እንዲከፈት የማያስፈልገውን ቃል ሁሉ አወጡ። የሚያስፈልገውን እኔ አልለቅም እያልኩ፣ እሳቸው ይውጣ እያሉ፣ በአንዲት «ስለዚህ» ላይ እንኳን ተጨቃጨቅን።

ሲያልቅ ሦስት ጊዜ ገልብጬ ከላይ ደረደርኩት። ሕጉን አራተኛ አደረግኩት። ምስጋናውን ከነሪባኑ ጎትቼ ጎትቼ ከሁሉ በታች፣ መጨረሻ ላይ ጣልኩት። በሦስቱም ገጽ አናት ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «እጅሽ ላይ ያለው ይኸው ነው። አብሽሪ፣ ወደ ታች አንብቢ።»

የኔታ መስመሩን ለማረም ጎንበስ አሉና «ይሁን፣ እንዳለ ይቀመጥ» አሉ።

ኃላፊዋ ሳይመሽ አየችው። ስትደውል ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሏን ሞላ።

«አንድ ምዕራፍ ሦስት ጊዜ? ሰው ምን ይለናል? ሥራ አያውቁም ነው የሚለን!»

«ይበለና!»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። የጻፈችውን አነበብኩላት። «በጣም ያሳዝናል» አለች፤ ደግሞም አዝናለች፣ አልዋሽባትም። «ግን ለአንድ ልጅ ተብሎ የሁሉ መመሪያ አይበላሽም። እንግዶቹ ቅዳሜ ነው የሚመጡት። እስከዚያ ሳይመለስ ባገኘው ሥራሽን እንደለቀቅሽ ቁጠሪው።»

«እቆጥረዋለሁ። የይለፍ ቃሉ ግን እኔ ጋ ነው።»

«ለየኔታ... ለእሳቸው ትሰጫለሽ!» አለች፤ እሷም ለምዳብኛለች።

እሳቸው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እኔ ጋም አለ፣ ልጄ» አሏት በለስላሳ ድምፅ። «እኔም አልመልሰውም።»

ሐሙስ አክስቴ ተመልሳ መጣች። ሦስተኛው ጁምዓ ነገ ነው። ሳትጠይቀኝ በፊት እውነቱን ነገርኳት፤ ስልኳን እንደቀሟት፣ ምዕራፉን እንዳነሳሁት፣ ፈልጋ እንዳጣችው፣ ለእሷም ኔትወርክ ነው ብዬ እንደዋሸኋት። ቆማ ሰማችኝ። በጥፊ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር።

«ዋሸሽኝ» አለች ብቻ። ከዚያ «አሳዪኝ፤ ልጄ የምትመጣበትን አሳዪኝ» አለች።

ላፕቶፑን አዞርኩላት። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከላይ ያሉትን ሦስቱን በጣቴ አሳየኋት። እሷም በተራዋ በጣቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ነካቻቸው።

«እዚህ ትመጣለች?»

«ኢንሻአላህ።»

«እንግዲያው እዚሁ እጠብቃታለሁ» ብላ የኔታ የለቀቁላት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የአምባሰል የመጨረሻ ሚኒባስ ሊወጣ እስኪል ድረስ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ስክሪኑ በጠፋ ቁጥር «አብሪው» ትለኛለች፤ አበራላታለሁ።

አርብ ረፋድ ላይ፣ ጁምዓ ልሄድ ሻሼን እያሰርኩ ሳለ፣ ምዕራፍ ሦስት ሥር አንድ አዲስ መልስ መጣ። «አዎ» ተነክቷል። ሳጥኗ ውስጥ ቃል የለም። ሦስት ነጥብ ብቻ አለ።

ጩኸቴን ሰምቶ የብረታ ብረቱ ሱቅ ሰውዬ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። የኔታ ያማትባሉ፣ እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ ሰውዬው መሀላችን ቆሞ ማን እንደሞተ ይጠይቃል።

የቀረውን በኋላ ነው የሰማነው። ምዕራፉ እንዳላት አደረገች። አልተጣላችም፣ አላለቀሰችም። ቆሻሻ ለመጣል በር ሲከፈትላት የጎረቤት ሠራተኛ አገኘች፤ በቃሏ የያዘችውን የእርዳታ ቁጥር ሰጠቻት፤ ያቺ ደወለችላት። ከቀናት በኋላ ከእርዳታው መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው አሠሪዎቿን አነጋገሩና ሌላ ቤት ተዛወረች። በተዛወረች በመጀመሪያው ጁምዓ ለእናቷ ደወለች። ለእኔ የደወለችው ከእናቷ ቀጥላ ነው። «ምዕራፌን ማን ነው የሰረቀኝ?» አለችኝ ገና ሰላም ሳትለኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «ሦስት ቦታ አየሁት፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ካሳ!» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ከዚያ በፊት ግን ያ ቅዳሜ ነበር። እንግዶቹ ከኃላፊዋ ጋር መጡ። ሪባን ቆራጩ ሰውዬ ሙሉ ሰውነት አላቸው፤ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው መመሪያውን ከፈቱና አንድን ነኩ፣ ሁለትን ነኩ፣ ሦስትን ነኩ፤ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

ኃላፊዋ ፊቷ ቀልቶ «የሲስተም ስህተት ነው፣ ዛሬውኑ ይስተካከላል» አለች።

«ስህተት አይደለም» አልኩ። «ሆን ብዬ ነው።»

«ልጅቷ እኮ አግኝታዋለች» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «ትናንት ራስሽ ነገርሽኝ። አሁን ምን ያደርጋል?»

«የእሷ እጅ ላይ ሦስት ገና እንዳለ ስለጻፈችልኝ ነው ያወቅኩት። የሌሎቹ እጅ ላይ ስንት እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

ሽማግሌው ሰምተውናል። «አስረጂኝ እስቲ ልጄ» አሉኝ። «ሦስተኛው ለማን ነው?»

«ቀድመው ለሄዱት። ሦስት ብዬ ያስተማርኳቸው ናቸው።»

«አንደኛውስ?»

«ከዚያ ወዲህ ለሄዱት። አንድ ብዬ አስተማርኳቸው።»

«ሁለተኛውስ? ሁለት ብለሽ ያስተማርሽው አለ?»

«የለም» አልኳቸው። «እሱ ለሚሳሳት ሰው ነው። እኔም ተሳስቻለሁ።»

ሰውዬው ራሳቸውን ነቅንቀው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ኃላፊዋ ደሴ ስትመለስ ስለ ሥራዬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም፤ ሰኞ እንደ ልማዴ ሥራ ገባሁ። ሦስቱም ዛሬ እዚያው ናቸው።